የጠየቅከኝ መቃብር

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የጉልበትህን ቅባት ሰው ስላገኘሁ ልኬልሃለሁ። ለጎረቤት እንዳታድለው!

ልጅ እያለሁ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ቆመህ «ያን ግራዚያኒን የት ቀብረውት ይሆን?» ትል ነበር። ሳልፈልገው አገኘሁት።

የምንከባከባቸው ሲኞራ፣ በቪዲዮ «ቻው ፓፓ» የሚሉህ፣ ባላቸው የተቀበሩት አፊሌ በምትባል መንደር ነው። ከሮም በስተምሥራቅ፣ ተራራ ላይ ናት። ጣልያኖች ኖቬምበር 2 ሙታናቸውን ይጎበኛሉ። መቃብሩን ያጥባሉ፣ ክሪሳንተም አበባ ያኖራሉ። ልጃቸው በመኪናው ወሰደን፤ እኔ አበባውንና ባልዲውን ያዝኩ።

መንደሯ ታምራለች፣ ምን ልዋሽህ። 1,500 ሰው ገደማ ነው ያላት። ቼዛኔዜ የሚሉት ቀይ ወይን አላቸው። ቡና ቤት ገብተን ሽማግሌዎች ካርታ ሲጫወቱ አንዱ ተነስቶ ወንበር ለቀቀልኝ። ክፉ ሰው ቢገጥመኝ ይቀለኝ ነበር መሰለኝ።

መናፈሻው ውስጥ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤት አየሁ። «ፓትሪያ» እና «ኦኖሬ» ተጽፎበታል፤ አገርና ክብር ማለት ነው። የግራዚያኒ መታሰቢያ እንደሆነ የሲኞራ ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረኝ። አባዬ፣ የድሮ እንዳይመስልህ፤ በፈረንጅ 2012 ነው የተሠራው! ከክልሉ መንግሥት ገንዘብ 127 ሺህ ዩሮ ወጥቶበታል። ያሠራው ከንቲባ ፋሺዝምን አወድሰሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ቆሟል፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ቆሟል።

ሰውየውም መካነ መቃብሩ ውስጥ ነው። በፈረንጅ 1950 አገሩ 19 ዓመት ፈርዶበት ነበር። ከጀርመኖች ጋር ስላበረ ነው እንጂ ለየካቲት 12 አይደለም፤ ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳትም አይደለም። እሱንም ቢሆን ወራት ታስሮ ወጣ።

ሲኞራ «ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ። «አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ቀን ሕዝብ ያስጨፈጨፈ ሰው እዚህ አለ» አልኳቸው። «ትምህርት ቤት ይህን አልነገሩንም» ብለው አማተቡ። ከዚያ የባላቸውን ድንጋይ ማሸታቸውን ቀጠሉ። እኔም ውሃ አፈሰስኩላቸው፤ ምን ላድርግ?

አንድ ክሪሳንተም ተርፎ «አበባ ለሌለው መቃብር አድርጊው» ብለው ሰጡኝ። እየዞርኩ ፈለግሁ። ያ ስም ያለበት ጋ ስደርስ እግሬ ፈጠነ። በመጨረሻ አበባውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ሮም መለስኩት። አሁን ብርጭቆ ውስጥ መስኮቴ ላይ ነው፤ አንገቱን ደፍቷል።

ከቅባቱ ጋር ትንሽ ብር አለ። ለእማዬ ነጠላ ነው፤ የቀረው ለየካቲት 12 አበባ። ዘንድሮ ትልቁን ግዛ።

ልጅህ