የፈጠራ ወርክሾፕ ዕቃዎች በንብረት ክፍል እንዳይቆለፉ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎች እየፈቱና እየገጠሙ የሚማሩበት፣ ብዙዎች «ሜከር ስፔስ» የሚሉት የፈጠራ ወርክሾፕ እንዲቋቋም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረታችን ውይይት ተጀምሯል። ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ ንግግሩ ሁሉ የትኛው ማሽን ይገዛ በሚለው ላይ ቆሟል፤ የወርክሾፑን ዕድሜ የሚወስነው ግን ዕቃው እንዴት እንደሚመዘገብና ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት የሠራ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። ዕቃ ሞዴል 19 በተባለው ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ ሞዴል 22 በተባለው ቅጽ ወጪ ይደረጋል፤ ፈርሞ የተረከበው መምህርም ቢጎድል ወይም ቢሰበር ይጠየቅበታል። የሕዝብ ንብረት መጠበቅ ስላለበት ሥርዓቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ተማሪ በአንድ የተሳሳተ ሽቦ ሊያቃጥለው ለሚችል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ የሚሰጋ መምህር፣ ዕቃውን ከካርቶኑ ባያወጣው አይፈረድበትም። ቀደም ሲል ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፖች ከነላስቲካቸው ተቆልፈው ዓመታት ሲያልፉ አይቻለሁ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ተጎጂዎቹ ተማሪዎቹ ነበሩ።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ለትምህርት ቤቶች ግልጽ መመሪያ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ፦ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች፣ ሴንሰሮች፣ ሽቦ፣ ባትሪና የመበየጃ ጫፎች እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ሆነው ይመዝገቡ። ለምሳሌ አርዱዊኖ የተባለው፣ በኮምፒውተር በሚጻፍለት ትእዛዝ መብራት፣ ሞተርና ሴንሰር የሚያሠራው ሰሌዳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሪያ ከተማ ሲሠራ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት የሌላቸው ተማሪዎች በርካሽ አግኝተው እንዲሞክሩበት ታስቦ ነው። ንድፉ ለሁሉም ክፍት በመሆኑም የተለያዩ አምራቾች በዝቅተኛ ዋጋ ያቀርቡታል። በቋሚ ንብረትነት ተመዝግቦ ሲቆለፍ የተሠራበት ዓላማ ይቀራል።

ስለ ማሽን ካነሣን፣ ስሪዲ ፕሪንተር የመጀመሪያው ግዢ እንዳይሆን አሳስባለሁ። ማሽኑ ፕላስቲክ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት እያቀለጠ በስስ በስሱ የሚደራርብ ስለሆነ አንድ ዕቃ ለመሥራት ሰዓታት ይፈጅበታል፤ በመካከል መብራት ከጠፋ ሥራው ብዙ ጊዜ ይበላሻል፤ ፕላስቲኩም ከውጭ የሚመጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደየክፍሉ የገቡት የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ሲበላሹ የሚጠግናቸው ጠፍቶ በብረት ሣጥናቸው ውስጥ የቀሩበትን ሁኔታ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ሊማ፣ መጋዝ፣ ጥቂት መልቲሜትሮች (የኤሌክትሪክ መለኪያዎች) እና የዓይን መከላከያ መነጽር ካሉ ሥራ መጀመር ይቻላል። የሚፈታ አሮጌ ሬዲዮና የማራገቢያ ሞተር ከቁራሌው፣ ቆርቆሮና ብረታ ብረት ደግሞ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል።

የሚሠራው ነገር ከአካባቢው ችግር ቢነሣ እመርጣለሁ። በኮንዶሚኒየም መንደሮቻችን ውኃ በፈረቃ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ስለሚመጣ፣ ሮቶ ሲሞላ የሚጮህ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ቤት ይጠቅማል። ለዚህ አርዱዊኖ እንኳ አያስፈልግም። ውኃው ሁለት የተላጡ ሽቦዎችን ሲያገናኝ የሚያልፈውን ደካማ ኤሌክትሪክ አንድ ትራንዚስተር ያጎላዋል፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪም ደወሉን ያስጮኸዋል። ተማሪዎቼ ትራንዚስተርን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን ብቻ አይተው ይፈተኑበታል፤ እናታቸውን ከሌሊት ጥበቃ ሲያሳርፍ ቢያዩት ግን ጉዳዩን በሌላ ዓይን እንደሚያዩት አልጠራጠርም። በዚህ ዓይነት ሥራ ወንዶች ልጆች መሣሪያውን ቀድመው የመያዝ ልማድ ስላላቸው፣ የአጠቃቀም ተራው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጽሑፍ ይውጣ።

የሰው ኃይልን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቂሊንጦ ላይ ጎረቤታችን ነው። የምህንድስና ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በፈቃደኝነት እንዲያግዙ ትምህርት ቤቶቻችን በደብዳቤ ሊጠይቁ ይችላሉ። ይሁንና የበጎ ፈቃድ ድጋፍ በፈተና ሰሞን ስለሚቋረጥ፣ ቁልፉን የሚይዝ አንድ መምህር ተመድቦ የወርክሾፑ ሰዓት በሳምንታዊ የሥራ ድርሻው ውስጥ ሊቆጠርለት ይገባል። ኅብረታችን ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ ከማሰባሰቡ በፊት በእነዚህ ሁለት ነጥቦች፣ ማለትም በአላቂ ዕቃ ምዝገባና በመምህሩ ድርሻ ላይ፣ ከቢሮው የጽሑፍ መልስ እንዲያገኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ከቱሉ ዲምቱ