ቀለበቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» እየተባሉ ሦስት ቀን መመላለሳቸውን ጽፈው አነበብኩ። ጥፋቱን የጣሉት መንገድ ሲቆፍሩ ኬብል ይበጥሳሉ ባሏቸው እስካቫተር ነጂዎች ላይ ነው። እኔ «ሲስተም የለም» ከሚባልበት መስኮት ጀርባ ከምንሠራው የኔትወርክ ሰዎች አንዱ ነኝ። በነጂው ላይ ቶሎ እንዳንፈርድ ብዬ ነው የምጽፈው።

የመሥሪያ ቤታችን አራት ቢሮዎች ፒያሳ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ፖስታ ቤት አካባቢና ለገሃር ናቸው። የሁሉም መረጃ የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ፒያሳ ነው። በፋይበር፣ ማለትም መረጃን በብርሃን በሚያስተላልፍ የመስታወት ክር፣ የተያያዙት በሪንግ ወይም በቀለበት ነው። አራቱን በአንድ መስመር ደርድሮ ከመተው ይልቅ የመጨረሻው ተመልሶ ከመጀመሪያው ጋር ይገጥማል። አንድ ቦታ ቢቆረጥ መረጃው በሌላኛው ወገን ዞሮ ይገባል። ታክሲ ለሚሳፈር ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ በአንዱ በኩል ከተዘጋጋ ሹፌሩ በሌላው ዞሮ ያደርሳል። በደንብ የተሠራ ሪንግ ይህን በ50 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይጨርሰዋል። ስልክ እያወራችሁ ቢሆን እንኳ አይታወቃችሁም።

(ቶክን ሪንግ በሚባለው የድሮ የአይቢኤም የኮምፒውተር ማገናኛ ቀለበቱ ለተራ ማስጠበቂያም ነበር። ቶክን የምትባል ምልክት ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ትዞራለች፤ እሷን የያዘ ብቻ ይልካል። እድር ስብሰባ ላይ ማይክ ያልያዘ እንደማይናገረው። በኋላ ኢተርኔት የሚባል ርካሽ ማገናኛ ከገበያ አስወጣው።)

ወደ እኛ ልመለስ። ዲዛይኑ ላይ ክቡ ያምራል። ከለገሃር የሚመለሰው ኬብል በስታዲየም፣ በፍል ውሃ አድርጎ ወደ አራት ኪሎ ይወጣና ፒያሳ ላይ ይገጥማል። አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ሦስቱም ቢሮዎች ከሰርቨሩ ጠፉ። አላመንኩም። ሪንግ እኮ ነው!

ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ስወርድ ጉድጓዱን አገኘሁት። ሁለት ጥቁር ኬብሎች ጎን ለጎን ተበጥሰው ተንጠልጥለዋል። በመካከላቸው አንድ ስንዝር እንኳ የለም። ጭቃውን በመዳፌ ጠርጌ ሽፋኑ ላይ የታተመውን ጽሑፍ አነበብኩ። አንደኛው የመሄጃው ነው። ሌላኛው የመመለሻው፣ በአራት ኪሎ ይዞራል የተባለው።

ሥራውን የወሰደው ድርጅት ሁለተኛ ቦይ መቆፈር ታክቶት ሁለቱንም በአንዱ ጥሏቸው ሄዷል። በርክክቡ ቀን የብርሃኑን መጠን ለካን፤ አንዱን ኬብል ነቅለን ሪንጉ ሲዞር አየን፤ «ይሠራል» ብለን ፈረምን። መሥራቱንማ ይሠራል። መንገዱን ግን ማንም በእግሩ አልሄደበትም። ከፈራሚዎቹ አንዱ እኔ ነኝ።

እስካቫተር ነጂው ልጅ እግር ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ስር ኬብል እንዳለ ማን ነገረኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ካርታ ያሳየው የለም፤ ካርታውን ቢያይም ሁለተኛው ኬብል አራት ኪሎ ነው የሚለው።

እያንዳንዱ ኬብል 24 ክር አለው። መሃሉ ላይ ቁራጭ ስለሚቀጠል በሁለት ጫፍ ይበየዳል። በድምሩ 96 ብየዳ። ፀጉር የሚያህል መስታወት እየላጥን፣ ጃንጥላ ስር ዱካ ላይ ተቀምጠን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሠራን።

«ሪንግ አለን» የሚል ባንክም ሆነ ሆስፒታል ከመፈረሙ በፊት ማንሆሎቹን፣ የኬብል ጉድጓዶቹን፣ አስከፍቶ የመሄጃውና የመመለሻው ኬብል በየት በየት እንደሚያልፉ በዓይኑ ይይ። የእግረኛ መንገድ በተቆፈረ ቁጥር ደግሞ ለኋላ ኬብል ማሳለፊያ የሚሆን ባዶ ቱቦ ይቀበርበት። ንጣፉ ካለቀ በኋላ ማን ያስነካል?

የእኛንማ ሁለቱንም ኬብሎች ቀጥለን እዚያው ቦይ ውስጥ መልሰን ቀበርናቸው። ለአራት ኪሎው መስመር ያስገባሁት ጥያቄ እስካሁን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ