ወንበር ከማጋደም በፊት ዞር ብሎ ማየት

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ወላጅ እናቴን ይዤ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ስበር፣ ከፊታቸው የተቀመጡ መንገደኛ ምግብ እየታደለ ሳለ የወንበራቸውን መደገፊያ በድንገት ወደ ኋላ ስለለቀቁት፣ ትኩሱ ሻይ እናቴ ጭን ላይ ተደፋ። በኢኮኖሚ ክላስ ከአንዱ ወንበር መደገፊያ እስከ ቀጣዩ ወንበር መደገፊያ ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ጥቂት መጋደም እንኳ የኋለኛውን ሰው ጉልበት ይጫናል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከኒውዋርክ ወደ ዴንቨር ይበር የነበረ አውሮፕላን ወንበር በማጋደም ሳቢያ በመንገደኞች መካከል በተነሳ ጠብ ቺካጎ ለማረፍ ተገድዷል።

በረጅም የሌሊት በረራ ጀርባን ማሳረፍ ግድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ምግብ ሲቀርብ ወንበርን ማቅናት፣ በሌላውም ጊዜ ዞር ብሎ «ይቅርታ፣ ላጋድመው ነው» ማለት ምን ይከብዳል? አስተናጋጆችም ምግብ ከማደላቸው በፊት ይህንኑ በአማርኛ ጭምር ቢያሳስቡ፣ እንደ እናቴ ያሉ አረጋውያን ደፍረው የማይጠይቁትን ያገኛሉ።

አንድ መንገደኛ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ