የጀጎል ፎቅ ቤቶች በሲሚንቶ እየታፈኑ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት ባለ አንድ ፎቅ የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች ሲነሡ «ጣሊያን የሠራቸው» ሲባል እንሰማለን። ስሕተት ነው። ስሕተቱ ደግሞ በስም ብቻ አያበቃም፤ «የጣሊያን ቤት ነው» ብሎ የመጣ ግንበኛ ሲሚንቶ ይዞ ይመጣል።

ቤቶቹ የበዙት በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ መኮንን ወልደ ሚካኤል ሐረርን ሲያስተዳድሩና የሕንድ ነጋዴዎች ከተማው ውስጥ ሲሰፍሩ ነው። የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ግቢው ያዞራል፤ ከመንገድ የሚታየው ግንብና በር ብቻ ነው፣ ክብሩ ያለው ነደባ በሚባሉት አምስት መደቦችና በግድግዳው ውስጥ በተሠሩት የዕቃ ማስቀመጫ መስኮቶች ላይ ነው። የሕንድ ቤት ግን አራት ማዕዘን ሆኖ በፎቁ በረንዳ መንገዱን ወይም ግቢውን ያያል። ከሁለቱ የተዳቀሉም አሉ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሦስቱም ዓይነቶች በመግለጫው ውስጥ ገብተዋል።

ራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነው፣ ከእነዚህ አንዱ ነው። ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ከበሩ በላይ የተቀረጸው የዝሆን ራስ ያለው የሕንዶች አምላክ ጋኔሽ ምስክር ነው። ተፈሪ መኮንን ወይዘሮ መነንን በ1903 ዓ.ም. ካገቡ በኋላ የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚያ እንዳሳለፉ ይነገራል። ያን ጊዜ የሐረር ገዥ ቢሆኑም ገና ደጃዝማች ነበሩ፤ ራስ የተባሉት በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ስሙ ለቤቱ ኋላ የወጣለት ነው። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. መሆኑን ያስታወሰ ሰው ቆርቆሮና ባለቀለም መስታወት ማምጣት እንዴት እንደቀለለ ይገባዋል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ግን ድሬዳዋ ላይ የተተከለው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በወረራው ዘመን ነው። እነዚህ ግድግዳዎች ሲሚንቶን አያውቁትም።

ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወፍራል፤ ከመሠረቱ በታች ውኃ የሚከለክል ነገር የለውም። እርጥበት ከመሬት ይወጣል፣ በኖራ ልስኑ በኩል ተንኖ ይሄዳል። በሲሚንቶ ሲለሰን መውጫው ይዘጋል፤ ውኃውም መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፣ እስከ ፎቁ ወለል ድረስ። ግድግዳው ውስጥ የተቀበሩት የበረንዳው ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ እዚያ ነው የሚበሰብሰው። ሰው ግን ጥፋቱን በእንጨቱ ላይ ይጥላል። ጭቃው ይለሰልሳል፣ ግንቡ ሆዱ ይነፋል፣ ጨው ወደ ፊት ወጥቶ የድንጋዩን ገጽ ያፈራርሳል። ፕላስቲክ ቀለም ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ስለዚህ ኖራ። የተቃጠለውን ኖራ ወደ ውኃ መጨመር እንጂ ውኃን በኖራ ላይ ማፍሰስ አይገባም፤ ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽርና ጓንት ግድ ነው። በወንፊት ተጣርቶ ውኃ ለብሶ ቢያንስ ሦስት ወር ይቀመጥ። ያልበረደ ፍሬ ከቀረበት ልስኑ ከደረቀ በኋላ ይፈነዳል። ድብልቁ በስፍር አንድ ኖራ ለሦስት አሸዋ ነው። አሸዋው ከደረቅ ወንዝ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ይፈተን፦ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው አሸዋ፣ የቀረውን ውኃና ቁንጥር ጨው ጨምሮ መናጥ፤ ሲረጋ ከላይ የሚቀመጠው አፈር ከአሸዋው አንድ አሥረኛ ከበለጠ መታጠብ አለበት። በመጀመሪያው ልስን ውስጥ የተቆራረጠ የፍየል ፀጉር ይገባል፤ ስንጥቅ ይይዛል።

የተለጠፈው ሲሚንቶ በመዶሻና በመሮ ብቻ ይነሣ፤ የኤሌክትሪክ መቁረጫ ድንጋዩን ያቆስላል። ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆኖ የተጣበቀውን ግን ከነሕመሙ መተው ይሻላል። መጋጠሚያው እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተጠርጎ፣ ረጥቦ፣ በኖራ ይሞላ። ልስኑ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይበልጥ፤ የመጀመሪያው ገጽ ተጭሮ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይቆይና ሁለተኛው ይከተላል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ነው፣ ግን እርጥብ ሆኖ፤ ስለዚህ ለሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ከፀሐይና ከነፋስ ይሸፈን። የሐረር ነፋስ በአንድ ከሰዓት ልስኑን አድርቆ ዱቄት ያደርገዋል። ማጠናቀቂያው እንደ ወተት የቀጠነ የኖራ ቅብ ነው፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ በረጠበ ግድግዳ ላይ። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ ይላጣል።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ጠመንጃ መፍቻ ያለ ኃይል ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከገባ በስብሷል። ሙሉው አይጣል፤ ከሚታየው ብስባሽ ሃያ ሴንቲ ሜትር አልፎ ተቆርጦ በደረቀ ጥድ ይቀጠል። ጥድ ምስጥን ይቋቋማል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ይጠማዘዛል። ጫፉ ግንቡ ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር አየር ይተውለት። የተቀረጹት በሮች ለስላሳ ብሩሽ ይበቃቸዋል፤ በሸካራ ወረቀት የተፋቀ ቅርጽ አይመለስም።

አሸንዳ ከበልግና ከክረምት በፊት መጠረግ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። መንገድ በተነጠፈ ቁጥር ግን ከፍታው ከቤቱ ወለል በታች አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር መቅረቱን የሚለካ ሰው ይመደብ፤ ይህ ከተዘነጋ ከላይ የተባለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ለሚመለከታቸው የቅርስና የከተማ ኃላፊዎች የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። በጨረታ ዝርዝር ውስጥ «ልስን ማደስ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ። ኖራው፣ ልኬቱ፣ የመቆያው ጊዜ፣ የሲሚንቶ ክልከላው ተለይቶ ይጻፍ፤ አለዚያ ተቋራጩ የለመደውን ቢሠራ የሚጠይቀው የለም። የልስን ጊዜ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ለዚያ የሚሆነው ኖራ በሰኔ መነከር አለበት፤ ጨረታውም ከሰኔ በፊት መውጣት ይኖርበታል።

ከአክብሮት ጋር
በአሮጌ ቤቶች ጥገና ሙያ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
ከሐረር