ደሙ ጠራ ማለት መቅኔው ጠራ ማለት አይደለም

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ደም ካንሰር የሚጻፍ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። ራሴ ታማሚ ነኝ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ከሚባለው፣ ሐኪሞች በአጭሩ ሲኤምኤል ከሚሉት በሽታ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ጽሑፎቹ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ናቸው። አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ልቤ ይደነግጣል። «መድኃኒቱን በጀመረ በጥቂት ወራት በሽታው ከደሙ ጠፋ፤ ዳነ» የሚለው ላይ። እባካችሁ ይህ ሲመጣላችሁ ሳታርሙ አታሳልፉት። እኔን አሳስቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታው ሲገኝብኝ ነጭ የደም ሴሌ 186 ሺህ ደርሶ ነበር። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ የሚኖረው ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ገደማ ነው። ጣፊያዬ ከማበጡ የተነሳ ትንሽ ቀምሼ እጠግብ ነበር። ኢማቲኒብ የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝ፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ 400 ሚሊ ግራም። በሁለት ወር ውስጥ ቁጥሩ 6 ሺህ ገባ፣ እብጠቱም ጎደለ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የላብራቶሪ ወረቀት ሁሉ «ኖርማል» ይላል። በሦስተኛው ዓመት ሌሊት ሌሊት ባቴን የሚጨመድደኝ ነገርና ጠዋት የዓይኔ ቆብ ማበጥ አንገሸገሸኝ። «ድኛለሁ እኮ፤ ለምን እሰቃያለሁ?» አልኩና ለማንም ሳልናገር ኪኒኑን ተውኩት።

አራት ወር ምንም አልሆንኩም። በአምስተኛው ወር የደም ቆጠራዬ አሁንም ደህና ነበር፤ የፒሲአር ውጤቴ ግን አሻቅቦ ተገኘ፤ ፒሲአር በደም ቆጠራ የማይታየውን የበሽታውን ጂን ርዝራዥ የሚፈልግ ምርመራ ነው። ዶክተሯ አልተቆጣችም። «የት የሄደ መሰለዎት? መቅኔዎ ውስጥ ተዳፍኖ ነው የቆየው» አለችኝ።

ይህን አባባሏን እስከዛሬ አልረሳሁትም። መቅኔን በዓይኔ አይቼዋለሁና። መጀመሪያ ስመረመር ከዳሌዬ አጥንት ከኋላ በኩል በመርፌ ናሙና ወስደውልኝ ነበር። መርፌው ሲገባ የተሰማኝ ግፊት ብቻ ነው። ሲስቡት ግን እስከ ጭኔ ድረስ ነዘረኝ። ባለሙያው የወጣውን በመስታወት ላይ አፍስሶ አዘነበለው። ወፈር ያለ ደም ይመስላል። ደሙ ሲንሸራተት ደቃቅ ፍርፋሪ ነገር መስታወቱ ላይ ቀረ። «መቅኔው ይሄ ነው» አለኝ በጣቱ እያሳየኝ።

እዚያ ፍርፋሪ ውስጥ ነው የደም ሁሉ መነሻ ያለው። ሰውነታችን በየቀኑ 200 ቢሊዮን ያህል ቀይ የደም ሴል ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚወለደው በቁጥር ጥቂት ከሆኑ ግንድ ሕዋሶች ነው፤ ስቴም ሴል የሚባሉት ማለት ነው። አብዛኞቹ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ናቸው። አልፎ አልፎ ነቅተው ይከፈላሉ፣ መልሰው ይተኛሉ። ሲኤምኤል የሚጀምረው ከነዚህ በአንዱ ነው። ጂኖችን ከተሸከሙት ክሮሞሶሞች መካከል 9ኛውና 22ኛው ቁራጭ ይለዋወጡና ቢሲአር ኤብል የሚባል ጂን ይፈጠራል። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን «ተባዙ» የሚለውን ትእዛዝ ያለማቋረጥ ያስተላልፋል። በዚህ ልውውጥ ያጠረውን ክሮሞሶም 22 እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ያገኙት ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ ነበሩ። ልውውጡን በ1973 ያሳየችው ጃኔት ራውሊ ናት። ኢማቲኒብ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2001 ነው። ሥሩ ከታወቀ በኋላ እንኳ መድኃኒቱ ስንት ዓመት እንደፈጀ ተመልከቱ።

ኢማቲኒብ ያንን ፕሮቲን ያፍናል። ያለ እሱ መኖር የማይችሉት የታመሙ ሴሎች በብዛት ይሞታሉ፣ ደምም ይጠራል። የተኛችው የታመመች ግንድ ሕዋስ፣ እናት ሕዋሷ፣ ግን ሕይወቷ በዚያ ፕሮቲን ላይ የቆመ አይደለም። ስለዚህ መድኃኒቱ አይገድላትም። የደም ቆጠራ እሷን አያይም። ፒሲአር እንኳ ከ100 ሺህ ሴል አንዱን ያህል ለማግኘት የሚችል ሆኖ፣ ከዚያ በታች ሲሆን ዝም ይላል። ወረቀቱ ላይ «አልተገኘም» የሚለው ለዚህ ነው። «የለም» አላለም።

የመቅኔ ንቅለ ተከላስ? እናት ሕዋሷን ከነሥሯ ለመንቀል የሚችለው እሱ ነው። ለዚህ ሥራው አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ኢማቲኒብ ከመምጣቱ በፊት ወጣትና ለጋሽ ያለው የሲኤምኤል ታማሚ የሚላከው ወደዚያ ነበር። አንድ ወንድም ወይም እህት የሚገጥምበት ዕድል ከአራት አንድ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የሚያድነው ከባዱ ኬሞቴራፒ ብቻ አለመሆኑን ነው። የለጋሹ የመከላከያ ሴሎች አዲሱ ቤታቸው ገብተው የተረፈውን በሽታ ያድናሉ፤ እንደ አዳኝ ማለቴ ነው። ፍጹም ከሚመሳሰል መንትያ የተወሰደ መቅኔ ሲሆን በሽታው የመመለስ ዕድሉ የሚጨምረውም ለዚህ ነው። የመንትያው ሴሎች ባዕድ ነገር አይታያቸውም። ግን እነዚያው አዳኞች የታማሚውን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀትም ሊያጠቁ ይችላሉ። በዚህ የሞቱ አሉ። ስለዚህ ዛሬ ንቅለ ተከላ በዋናነት የሚቀመጠው ኪኒኑ እምቢ ላላቸውና በሽታው ለገፋባቸው ነው።

ማቆም ጨርሶ አይቻልም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ይህ ለእኔ ትልቁ ተስፋ ነው። በ2010 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በፒሲአር ምንም ያልታየባቸውን 100 ታማሚዎች መዝግቦ ኢማቲኒብ እንዲያቆሙ አደረገ። ዓመት ድረስ ከተከታተሏቸው ውስጥ ከአሥሩ አራቱ ያህል በሽታው ሳይመለስባቸው ቆዩ። ከተመለሰባቸው አብዛኞቹ የተመለሰባቸው በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ኪኒኑን ሲጀምሩ ደግሞ መልሶ ሠራላቸው። ከእነሱ የምለየው በአንድ ነገር ነው። እነሱ በሐኪም ዓይን ሥር ሆነው፣ በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ እየተመረመሩ ነው ያቆሙት። እኔ በድብቅ።

ይህን የምለው ስለ ሲኤምኤል ነው። ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ሌላ በሽታ ነው፤ አካሄዱም መድኃኒቱም ይለያል። ሁለቱን «ሥር የሰደደ ሉኪሚያ» ብላችሁ በአንድ ቋት አታስቀምጡብን።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። «ጠፋ» ብላችሁ ስትጽፉ በየትኛው ምርመራ እንደጠፋ ጨምሩበት። በደም ቆጠራ ነው? በፒሲአር ነው? ሰውየው መድኃኒት ላይ ነው ወይስ አቁሟል? ሁለት መስመር ብትበዛ ነው። አንድ ቦታ ኪኒኑን በእጁ ይዞ የሚያመነታ ሰው ያነባታል።

እኔ ዛሬም ከእራት በኋላ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ እውጣለሁ። ባለፈው ሳምንት የመጣው ውጤቴ «አልተገኘም» ይላል። ዶክተሯ ከሥሩ በእጇ የጻፈችው የሚቀጥለውን ምርመራ ቀን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ