ግንዛቤ የጎደለው ማን ነው?

ለባሕር ጥብቅ ክልሎች አስተዳደር ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ሦስት ጊዜ ጽፌ መልስ ያጣሁበትን አቤቱታ በአደባባይ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

መሥሪያ ቤትዎ የላከልኝ መጠይቅ ደርሶኛል። «ለባሕር ጥበቃ ያለዎት አመለካከት ምን ይመስላል?» ይላል። ከ«በጣም እደግፋለሁ» እስከ «በጣም እቃወማለሁ» አምስት ሳጥን ተደርድሯል። የኔ ጉዳይ ከአምስቱ በአንዱም አልገባ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

የባሕር ጥብቅ ክልሉ ሊታወጅ ሲል ከደገፉት ጥቂት ዓሣ አስጋሪዎች አንዱ ነበርኩ። አዳራሽ ውስጥ ተነስቼ፣ የተቆጡ ባልደረቦቼን የለመንኩት እኔ ነኝ። አንዲት ትልቅ እናት ዓሣ የምትጥለው እንቁላል የብዙ ትንንሾችን ያህል ነው፤ እሷን ብንተዋት ዘሯ ከክልሉ ወጥቶ ወደ መረባችን ይመጣል ብዬ ተሟገትኩ። አመኑኝ። አሁን ሲያዩኝ ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ደግሞ ደስ የሚል አይደለም።

አንድ ሌሊት ውሃው መረቤን ገፍቶ የክልሉን ወሰን ከሚያሳየው ተንሳፋፊ ምልክት አሻገረው። እኔ ስደርስ የጥበቃ ጀልባዎ ቀድሞኛል። መረቡ ሰባት ዓሣ ይዟል። መረቡ ተወረሰ፣ ቅጣት ተጻፈብኝ፣ ደረሰኙም ጀልባው ላይ እንዳለሁ እጄ ላይ ረጠበ። አልተከራከርኩም፤ ጥፋቱ የውሃው ቢሆንም መረቡ የኔ ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በዚያው ክልል ውስጥ፣ ሁለት ትልልቅ መርከቦች የባሕሩን ወለል የሚጠርግ መረብ ሲጎትቱ አደሩ። ሞተራቸው ቤቴ ድረስ ይሰማ ነበር። ሲነጋ ሄጄ አየሁ። ውሃው ደፍርሶ ጭቃ መስሏል። ጣት የማያክሉ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አዙረው ይንሳፈፋሉ፤ ለገበያ አይሆኑም ተብለው የተጣሉ ናቸው። መቁጠር ጀምሬ ሁለት መቶ ላይ ተውኩት። መሥሪያ ቤትዎ ስደውል የተሰጠኝ መልስ ሁለት ቃል ነው፦ «ፈቃድ አላቸው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

ጥብቅ የተባለ ክልል ሁሉ ማስገር የተከለከለበት እንዳልሆነ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በአውሮፓ 727 የባሕር ጥብቅ ክልሎችን መርምሮ፣ በ59 በመቶዎቹ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መረብ እንደሚጎተት አግኝቷል። ይባስ ብሎ፣ የጉተታው ብዛት ጥብቅ ካልሆነው ውሃ የበለጠ ነበር። በካርታ ላይ ግን ሁሉም ያው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። በ2022 ሞንትሪያል ላይ አገሮች እስከ 2030 ድረስ ከባሕሩ 30 በመቶውን እንጠብቃለን ብለው ተስማምተዋል፤ የተቀባው ሁሉ ከተቆጠረ 30 በመቶ ሩቅ አይሆንም።

ጻፍኩልዎ። ለመጀመሪያው ደብዳቤ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ተባልኩ። ሁለተኛው የት እንደገባ አላውቅም። ለሦስተኛው የመጣልኝ ለ«ግንዛቤ ማስጨበጫ» ስልጠና ጥሪ ነው፤ ኮፍያም ይሰጣል አሉ። ክቡር ሆይ፣ ያን ሌሊት ክልሉ ውስጥ ምን እንደተደረገ ከኔና ከመርከበኞቹ በላይ የተገነዘበ ማን አለ? የመጠይቁ ውጤት ሲወጣ «የሕዝቡ ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» እንደሚል ከአሁኑ ልነግርዎ እችላለሁ።

ሰው ባሕር ሲጠበቅ አይጠላም። በፊሊፒንስ የአፖ ደሴት አስጋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ከሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጋር ተመካክረው ከደሴታቸው ዳር ጥቂቷን ስፍራ ለዓሣው ተዉ፤ የሚጠብቋትም እነሱው ነበሩ። አውስትራሊያ ግሬት ባሪየር ሪፍ በሚባለው ታላቅ የኮራል ዓለቷ ላይ ማስገር የተከለከለበትን ቦታ በ2004 ከ5 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 33 በመቶ ገደማ ስታሳድግ፣ ከሕዝብ ከ31 ሺህ በላይ አስተያየት ተቀብላ ረቂቅ ካርታውን አስተካክላለች። መስመሩ ለሰዎቹ አስተያየት ሲል ተንቀሳቅሷል! በኛ በኩል የተንቀሳቀሰው የኔ መረብ ብቻ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ያሉትን የቻጎስ ደሴቶችንም ያውቃሉ፤ ነዋሪዎቹ ከ1968 እስከ 1973 ከደሴቶቻቸው ከተባረሩ በኋላ፣ በ2010 ብሪታንያ ውሃውን ጥብቅ ብላ አወጀች፤ በ2015 የግልግል ዳኞች አዋጁ የባሕር ሕግ ስምምነትን እንደጣሰ ወሰኑ። እንዲህ ያለውን የሰማ ሰው «ጥበቃ» ሲባል ጀርባውን ቢያዞር ይፈረድበታል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሁለቱ መርከቦች ፈቃድ ማን እንደፈረመበትና እስከ መቼ እንደሚያገለግል በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ፈቃዱ የሚቀጥል ከሆነም ምልክቶቹን ከባሕሩ ያንሷቸው፤ ሰው ቢያንስ በምን እንደሚቀጣ ይወቅ።

መጠይቁን ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ሳጥኖቹን አልሞላኋቸውም። በጀርባው የሁለቱን መርከቦች ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስፍሬያለሁ።

ግልባጭ፦
መረቤ ለሚገኝበት ንብረት ክፍል