ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ፦ ከሁለቱ ዕድሮች የቀረበ ምስጋና

ለሰፈራችን ሰው፣ ከሩቅም ከቅርብም ለደረሳችሁልን ሁሉ፦

ድንኳኑ ከተነሳ ሳምንት ሞላው። የዳግማ ትንሣኤ ዕለት፣ እሑድ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከሊቢያ የመጣውን ጉድ፣ አይሲስ የተባለው ታጣቂ ቡድን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን መግደሉን፣ እንደገና አናወራውም፤ ምስሉን ያየ አይቶታል፣ ያላየ ባያየው ይሻለዋል። አስከሬን የሌለው ለቅሶ ነበር። የሚሸኝ ሬሳ፣ የሚቆፈር ጉድጓድ ስለሌለ ሰው እንባውን የት እንደሚያራግፍ አጥቶ ወደ ድንኳኑ መጣ። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ዕድር አስተባባሪዎች ይህን የምንጽፈው ለዚያ ሰው ነው።

ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግነው ወጥ ቤቱን የመሩትን እናት ነው። "ስሜን ብትጽፉ እንጣላለን" ስላሉን አልጻፍነውም፤ ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ከሙስሊሙ ዕድር ናቸው። እኛ ስለ ወንበርና ስለ ድምፅ ማጉያ ስንጨቃጨቅ እሳቸው ያነሱት ጥያቄ አንድ ነበር፦ ማን ያርዳል?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላም። ሰርግ ላይ መላ አለው፤ ወጡ ሁለት ቦታ ይሠራል፣ ሰዉም ሁለት ቦታ ይነጠፍለታል። እሳቸው ግን ሁለት ወጥ ሁለት ሰልፍ ያመጣል፣ ሁለት ሰልፍም ለቅሶውን ለሁለት ይከፍለዋል ብለው ቢላዋ ጭራሽ እንዳይገባ ወሰኑ። ቀኑ በዓለ ሃምሳ ላይ ስለዋለ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ስለዚህ ቅቤም ዓሣም ይቻላል። ዓሣ ደግሞ ማረድ አያስፈልገውም፤ ጣና ያወጣውን ሁለቱም ወገን ይበላል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ልንሠራ ነበር። በርካሽ የተገኘ አምባዛ ልንገዛ ስንል "ቅርፊት የለውም፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች የማይበሉት ብዙ ናቸው፣ ቆሮሶ ብቻ አምጡ" ያሉን እሳቸው ናቸው። ሙስሊም ሆነው የክርስቲያኑን ወግ ከእኛ ይልቅ እሳቸው አስታወሱ!

ቆሮሶው ጎህ ሲቀድ ከዓሣ አጥማጆቹ እጅ ተገዝቶ፣ አንጀቱና ስንጥቡ እዚያው ሐይቁ ዳር ወጥቶ መጣ። የሚያዝያ ፀሐይ ስለማትምር ከረፋዱ በፊት ድስት ውስጥ መግባት አለበት። ከአጥንቱ ሲለይ የሚተርፈው ሥጋ ከሙሉው ሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዓሣውን ለመጀመሪያው ቀን፣ ከሩቅ ለመጡና ለአረጋውያን አደረጉት። ሌላው ሽሮና ምስር ሆነ። አንድ ኪሎ ሽሮ ለ25 ሰው፣ እንጀራ ለአንድ ሰው አንድ ተኩል ብለው አሰቡ፤ አልጎደለም። ሽሮው እንዳይጓጉል መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ትልቅ ድስት ከሥር መያዙ አይቀርም፣ ሲይዝ ደግሞ ሥሩን መፋቅ አይገባም፤ ሽታው ወደ ላይ ወጥቶ ሙሉውን ያበላሻል። ከላይ ያለውን ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ድስት መገልበጥ ነው። ሥጋ ተሠርቶባቸው የሚያውቁ ድስቶች የእጅ መታጠቢያ ውኃ እንዲያሞቁ ተለዩ፤ ንጹሖቹ ላይ እሳቸው ነጭ ክር አሰሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም "ይህ የማን ነው?" ሳይል በላ። እናታችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ከዚህ በላይ ቃል የለንም።

እዚህ ላይ ጥግ ይዘው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ስለተቀመጡት እናት ሳንጽፍ ማለፍ አልሆነልንም። ልጃቸው በጎንደር፣ በመተማ አድርጎ ከወጣ በኋላ አልደወለም። ስማቸው አይነሳ። ቻርጀር ከነኤክስቴንሽኑ ስባ አጠገባቸው ያኖረችላቸውን ልጅ እግዜር ይስጥሽ እንላታለን።

ሁለተኛው ባለውለታችን መድረኩን የያዙት ጡረተኛው መምህር ናቸው። አገር አቀፉ ምርጫ ግንቦት 16 ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ የገዢውን ፓርቲ የኢሕአዴግን ምልክት ንብ የሚመርጠውም ንብ ማየት የማይወደውም ትከሻ ለትከሻ ተቀምጧል። መንግሥት የሟቾቹን ዜግነት ያረጋገጠው በማግስቱ መሆኑ ያንገበገበው አለ፤ "ለቅሶ ላይ ፖለቲካ ምን አመጣው?" የሚልም አለ። ከአዲስ አበባ፣ በመስቀል አደባባይ ሰልፍ ላይ ሰልፈኛና ፖሊስ መጋጨቱ በስልክ ሲሰማ ደግሞ ነገሩ ጋለ። ጋሼ መምህር የፓርቲ ካናቴራ ለብሶ የመጣውን አያባርሩም፤ ጋቢ ያለብሱታል። ለዚሁ ሲሉ አራት ጋቢ ከቤታቸው አምጥተዋል። ማይኩ አንድ ነው፣ ከእጃቸው አይወጣም፤ ተናጋሪ የሚለውን ጽፎ ያሳያል፣ ከሦስት ደቂቃም አያልፍም። ክርክር ግን አልከለከሉም። ዋርካው ሥር ሁለት አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው "እዚያ ተጨቃጨቁ፣ ስትጨርሱ ቡና አለ" ይሉ ነበር። የተጨቃጨቀም የተመለሰም ብዙ ነው፤ ተስማምቶ የተመለሰ ስለመኖሩ እንጃ።

ቃልም አርመዋል። ገዳዮቹን "አይሲስ" ወይም "ገዳዮቹ" በማለት ፈንታ "እስላሞቹ" ያለ ሰው ማይክ ድጋሚ አላገኘም። የጋራ ጸሎት ይደረግ የሚል ሐሳብ ሲመጣ አልተቀበሉትም፤ ልክ ነበሩ። ካህናቱ ፍትሐታቸውን በቤተ ክርስቲያን አደረሱ፣ ሙስሊሙ ሶላቱን በመስጊዱ ሰገደ፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው የአንድ ደቂቃ ዝምታና "እግዜር ያጽናችሁ፣ አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ" ብቻ ነው። አዛን ሲሰማ ድምፅ ማጉያው ይጠፋል፣ ደወል ሲደወልም እንዲሁ።

ድንኳን የተከላችሁና የነቀላችሁ ወጣቶች፣ በነጻ ያመላለሳችሁ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ስኳርና ቡና የላካችሁ ነጋዴዎች፣ ካህናትና ሼሆች፣ እንጀራ ጋግራችሁ የላካችሁ የየቤቱ እመቤቶች፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን።

የተሰበሰበውን ገንዘብ ከየዕድሩ አንድ አንድ ሰው ሆኖ ሰው ፊት ጮክ ብሎ ቆጥሮ፣ ደብተር ላይ ፈርሞበታል። ደብተሩ ዕቃ ቤት አለ፣ የፈለገ ይይ። የተረፈው እንጀራ ግማሹ ለቆሎ ተማሪዎች፣ ግማሹ ለደረሶች ሄዷል።

ስማችሁን ወይም ሥራችሁን የዘለልንባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። ሐዘን ላይ መዝገብ የሚይዝ ሰው ዓይኑ ይደፈርሳል፤ ይቅር በሉን። ውኃ በበርሜል ስትቀዱ ያደራችሁትን አሁን ስንጽፍ ነው ያስታወስናችሁ።

በመጨረሻም ባለቤት ያልመጣላቸው ሁለት ብረት ድስትና አንድ ማማሰያ ዕቃ ቤት አሉ። ከድስቶቹ አንዱ ነጭ ክሩ እንደታሰረ ነው። የእናንተ ከሆነ መጥታችሁ ውሰዱ።

የሰፈሩ የክርስቲያንና የሙስሊም ዕድሮች አስተባባሪዎች
ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 2007 ዓ.ም.